ትንሽ ቤት ከጣሪያው ይጀምራል

ቤት ለመሥራት የተነሳ ቤተሰብ አርክቴክት ዘንድ ሲቀርብ የመጀመሪያ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ክፍል ይወጣዋል?» የሚል ነው። መኝታ ይቆጠራል፣ ሳሎን ይለካል፣ ማድቤቱ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ሙግት ይነሣበታል። ጣሪያው የሚታሰበው ግድግዳው ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ገንዘቡም አብሮ አልቋል። አናጺ ይጠራና «በል እንግዲህ፣ በአለው ክደነው» ይባላል። ሰፊ ቤት ይህን ቅደም ተከተል ይችለው ይሆናል። ከ60 እስከ 80 ካሬ የሚሆን ቤት ግን አይችለውም። በእንዲህ ያለ ቤት ሙቀቱን፣ ብርሃኑን፣ የክረምቱን ውኃ፣ የወደፊት መስፋፋቱን፣ ከወጪውም ቀላል የማይባለውን ድርሻ የሚወስነው ጣሪያው ነው።

ለትንሽ የቤተሰብ ቤት ከታወቁት የጣሪያ ዓይነቶች ሁሉ ብዙ አገር የተስማማበት ባለሁለት ተዳፋቱ ነው፤ ከአናቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወርደው፣ በሁለቱ ጫፎች ሦስት ማዕዘን ግድግዳ የሚተወው። ከየት መጣ? ምን ይሰጣል? ምን ያስከፍላል? በእኛ ደጋስ እንዴት ቢነደፍ ይበጃል?

ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ያመጡት ቅርጽ

ባለሁለት ተዳፋት ጣሪያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ክቡ ጎጆ የገጠሩ ዋነኛ መኖሪያ በነበረበት ጊዜም ረዘም ያለው ሰቀላ ግብር የሚበላበትና እንግዳ የሚሰበሰብበት ቤት ነበር። ሆኖም የሣር ክዳን ውኃን ቶሎ ካላወረደ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ቁልቁለቱ ወደ 45 ዲግሪ መጠጋት ነበረበት። ቤቱ በሰፋ ቁጥር ጣሪያው አብሮ ይረዝማል፣ ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨትም ይጠይቃል። ደኑ በተመናመነበት ደጋ ደግሞ እንዲህ ያለው እንጨት በቀላሉ አይገኝም ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሁለት ነገሮች ተከታትለው ገቡ። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀጥ ያለ ወራጅና ማገር ሰጠ። ቆርቆሮ ደግሞ በ10 እና በ15 ዲግሪ ተዳፋት እንኳ ውኃ የሚያወርድ ክዳን ሆነ። ቀጥ ያለው የቆርቆሮ ጠርዝ በክብ ቤት ላይ አይገጥምምና የከተማው ቤት አራት ማዕዘን እየሆነ ሄደ። የሕንድና የአርመን ግንበኞችና አናጺዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው የሠሯቸው የቀድሞ አዲስ አበባ ቤቶች፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ የጣሪያቸው ጠርዝ በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ፣ ብዙዎቹም ባለሁለት ተዳፋት ናቸው። በታላቁ ቤተ መንግሥት ያለው የምኒልክ የግብር አዳራሽም ሦስት ባለሁለት ተዳፋት ጣሪያዎች ጎን ለጎን ተደርድረው የከደኑት ነው። አዳራሹን ያን ያህል ለማስፋት አንድ ግዙፍ ጣሪያ ማቆም አላስፈለገም፤ መጠነኛውን መደጋገም በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው የጭቃ ቤት ታሪክ የዚሁ ቅርጽ ታሪክ ነው። የባሕር ዛፉ ርዝመት የቤቱን ስፋት ወሰነ፣ ቆርቆሮው ክዳኑን ወሰነ፣ ቤተሰቡም በመሐላቸው ኖረ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገበት?

ትንሽ ቤትን ከባለሁለት ተዳፋት ጣሪያ ጋር አስተሳስረው ከሠሩት ሁለት ምሳሌዎች ብቻ እንይ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ፣ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የተገነባው ሌቪትታውን የመጀመሪያዎቹ ቤቶቹ 750 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 70 ካሬ ሜትር ያህል ነበሩ። ምድሩ ላይ ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ማድቤትና መታጠቢያ ቤት ነበረ። ከቀጥ ባለው ጣሪያ ሥር ደግሞ ሳይጠናቀቅ የተተወ፣ ደረጃ ግን የተሠራለት ሰገነት ነበር። ቤተሰቡ ልጅ ሲጨምርና ገንዘብ ሲያገኝ ያንን ራሱ ጨርሶ መኝታ ያደርገዋል። ቤቱ የተሠራው ጠቦ ነው፤ የሚያድግበት ቦታ ግን ከጣሪያው ሥር አብሮ ተሠርቷል። የንድፉ ብልሃት መንደሩን ከነውርም አላዳነውም፤ ውሉ ጥቁር ቤተሰቦች እንዳይኖሩበት ይከለክል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቺሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥና ማዕበል በኋላ አሌሃንድሮ አራቬና የሚመራው ኤሌሜንታል የተባለ ቡድን በኮንስቲቱሲዮን ከተማ ቪላ ቬርዴ የተባለ መንደር ነደፈ። እያንዳንዱ ቤት ሙሉ ባለሁለት ተዳፋት ጣሪያ አለው፤ ከሥሩ ግን ግማሹ ብቻ ተሠርቶ ግማሹ ባዶ ተትቷል። ቤተሰቡ 57 ካሬ ተረክቦ ባዶውን ግማሽ በራሱ አቅም ሲሞላ ወደ 85 ካሬ ይደርሳል። አስቸጋሪው ሥራ፣ ማለትም መሠረቱ፣ አውታሩ፣ ክዳኑና የውኃ መስመሩ አስቀድሞ አልቋል። የሚቀረው ግድግዳና ወለል ነው፤ ያን ደግሞ የሰፈር አናጺ ይወጣዋል።

ሁለቱም መንደሮች አንድ ነገር ያስተምራሉ። በትንሽ ቤት መጀመሪያ መሠራት ያለበት ነገር ሙሉ ጣሪያው ነው፤ ክፍሎቹ ቀስ በቀስ ይደርሳሉ።

ስፋቱ ይቅደም

ባለሁለት ተዳፋት ቤት ሲነደፍ መጀመሪያ የሚቆረጠው ቁጥር የቤቱ ስፋት ነው። ርዝመቱ ከቦታውና ከኪሱ ጋር ሊለዋወጥ ይችላል፤ ወራጁ፣ የጣሪያው ከፍታና የክፍሎቹ ድርድር ግን በስፋቱ ይታሰራሉ። ከ5 ሜትር የጠበበ ቤት ክፍሎቹን እንደ ባቡር ፉርጎ ተራ በተራ ያስቀምጣል። ከ8 ሜትር የሰፋው ደግሞ መሐሉ ጨለማ ይሆናል፣ ጣሪያውም ውድ ይሆናል። በ6 እና በ7 ሜትር መካከል ያለው ስፋት ጎን ለጎን ሁለት መኝታ ይይዛል፣ ሳሎኑም ከሁለት ወገን ብርሃን ያገኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቀለል ባለው ምድብ «ሀ» ያስቀመጠውም በአውታሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ባለ አንድ ወለል ሕንፃ ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ። ከውጭ 6.6 ሜትር በ10.2 ሜትር፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት የተገነባ፣ በድምሩ 67 ካሬ። በምሥራቁ ጫፍ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር በ3.2 ሜትር የሆኑ ሁለት መኝታዎች አሉ። መሐሉን 4.2 ሜትር በ6.2 ሜትር የሆነ፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚዘልቅ ሳሎን ይዞታል። በምዕራቡ ጫፍ 2.1 ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ ማድቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ተካፍለው ተቀምጠዋል። ውኃ የሚነካቸው ክፍሎች በሙሉ አንድ ጫፍ ላይ ስለሆኑ ቧንቧው ያጥራል፣ የምጣዱም እንፋሎት መኝታ ሳይደርስ በሦስት ማዕዘኑ ግድግዳ በተከፈተ መስኮት ይወጣል። ኮሪደር የሚባል ነገር የለም። በትንሽ ቤት ኮሪደር ማለት ቤተሰቡ ከፍሎበት የማይቀመጥበት ክፍል ነው።

ሳሎኑ ከሌሎቹ መብለጡ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የእኛ ቤት ቡና ይፈላበታል፣ ማኅበር ይጠጣበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል። ከሳሎኑ በር ፊት ያለ በረንዳ በጣሪያው ክፈፍ ከተሸፈነ በእንዲህ ያለው ቀን ሌላ ክፍል ይሆናል፤ ድንኳን ቢተከልም ከዚያው ይቀጥላል።

ስንት ዲግሪ?

ስፋቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ተዳፋቱ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ በቁጥር ይታያል። በዚያው 6.6 ሜትር ስፋት ላይ ጣሪያው 15 ዲግሪ ቢሆን አናቱ ከግድግዳው ጫፍ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወጣል። በ30 ዲግሪ 1.9 ሜትር፣ በ40 ዲግሪ 2.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቆርቆሮውስ? ክፈፉ በቁመቱ በኩል 70 ሴንቲ ሜትር፣ በጫፎቹ 40 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ 15 ዲግሪው 91 ካሬ፣ 30 ዲግሪው 102፣ 40 ዲግሪው 115 ካሬ ያህል ክዳን ይፈልጋል። ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲኬድ የክዳኑ ወጪ በሩብ ያህል ይጨምራል ማለት ነው።

በዚያ ሩብ የሚገኘው ቆጥ ነው። በአዲስ አበባ ጠባብ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ያደገ ሁሉ ቆጥን ያውቀዋል፤ ልጆች ሲበዙ በእንጨት ተደግፎ የተሠራ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት የመኝታ መደብ። ያ ቆጥ የችግር ልጅ ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡ ትክክል ነው። በ40 ዲግሪ ጣሪያ ሥር፣ የጎኑ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢደረግ፣ ከሁለቱ መኝታዎች በላይ የወራጁና የወለሉ ውፍረት ተቀንሶ እንኳ አዋቂ ሰው ቀና ብሎ የሚቆምበት 9 ካሬ ያህል ይተርፋል። ጎንበስ የሚያስብለው ዳር ለሣጥንና ለአልጋ ራስጌ ይሆናል። ደረጃው ከሳሎኑ ሁለት ሦስት ካሬ መውሰዱ አይቀርም። ቢሆንም ሦስተኛ መኝታ ያለ ተጨማሪ መሠረትና ያለ ተጨማሪ ቦታ ተገኝቷል።

ቆጥ የማይፈልግ ቤተሰብ 40 ዲግሪ አያስፈልገውም። ለደጋው ዝናብ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃል። 10 ዲግሪና ከዚያ በታች ወርዶ ቆርቆሮ ማዳን ግን ኋላ ያስከፍላል፤ በረዶ ሲዘንብ ከአሸንዳው ላይ ይከመራል፣ የዝናብ ውኃም በነፋስ ተገፍቶ በቆርቆሮው መደራረቢያ ወደ ላይ ይገባል። በልክ የሚቆረጠውን ኢጋ ቆርቆሮ ከአናት እስከ ክፈፍ ሳይቀጥሉ ማውረድ የሚቻልበት ዕድል ካለ ይህ ችግር ከሥሩ ይነቀላል። በእኛ ምሳሌ 30 ዲግሪ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ርዝመት 4.6 ሜትር ብቻ ነው።

ሁለት፣ አራት ወይስ የተደበቀ?

በየሰፈሩ የምናየው ቪላ አብዛኛው ባለአራት ተዳፋት ነው። በሁሉም ወገን ክፈፍ ስላለው ግድግዳን ከዝናብ በደንብ ይጠብቃል፣ ነፋስንም ከባለሁለቱ ይልቅ ይችላል። ባለአራቱ ብዙ ቆርቆሮ ይበላል የሚባለው ግን ሙሉ እውነት አይደለም፤ ተዳፋቱና ክፈፉ እኩል ከሆኑ የክዳኑ ስፋት እኩል ነው። ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ነው። በምሳሌው ቤት ግድግዳ ልክ ብቻ ብንለካ፣ 30 ዲግሪ ላይ፣ ባለሁለቱ አንድ 10.2 ሜትር የሆነ የአናት መጋጠሚያ ብቻ አለው። ባለአራቱ ግን የአናቱና የአራቱ ማዕዘኖች መጋጠሚያ ሲደመር ወደ 24 ሜትር ይደርሳል። በእያንዳንዱ ማዕዘን ቆርቆሮ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ቁራጩ ይጣላል፣ መጋጠሚያው ደግሞ ይሸፈናል። የሚያፈሰው ጣሪያ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚያፈሰው በመጋጠሚያው ነው።

ከሁለቱም የባሰው ሁለት ጣሪያዎች ተገናኝተው ሸለቆ የሚፈጥሩበት፣ በ«ኤል» ቅርጽ የተሰበረ ቤት ነው። የሁለት ክንፍ ውኃ በአንድ ጠባብ ላሜራ ላይ ይወርዳል፤ ቅጠልና አቧራ ሲዘጋው ውኃው ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ትንሽ ቤት እንዲህ መሰበሩ ግርማ አይጨምርለትም፤ ሸለቆ ግን ይጨምርለታል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፋሽን መጥቷል። ግድግዳው በፓራፔት ከፍ ይደረግና ቆርቆሮው ከኋላው ይደበቃል፤ ቤቱ ከመንገድ ሲታይ ጠፍጣፋና «ዘመናዊ» ይመስላል። ውኃው ግን ወደ ውጭ መውደቁ ቀርቶ በግድግዳው ውስጠኛ ጎን ባለ የተሸሸገ አሸንዳ ይሰበሰባል። አሸንዳው ሲደፈን የሚያየው የለም፤ የሚታየው በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የወጣው ቢጫ እርጥበት ነው። ክፈፍ የሌለው ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ተገርፎ ቀለሙን ይለቃል። የሐምሌ ዝናብ ባለበት አገር ጣሪያን መደበቅ ለዓይን የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ክፍያው ደግሞ በየዓመቱ ነው።

ፀሐይ፣ ዝናብና ድምፅ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከአድማስ በላይ 57 ዲግሪ ገደማ ትሆናለች። የጣሪያው አናት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ ረጅሙ ግድግዳ ደቡብን ያያል። 60 ሴንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ግድግዳው ላይ ጥላ የሚጥለው ከክፈፉ በታች ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የመስኮቱ ታችኛው ክፍል ፀሐይ ያገኛል፣ የሳሎኑ ወለልም ይሞቃል። በመጋቢት፣ ቀኑ በሚያቃጥልበት ጊዜ፣ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ያው ክፈፍ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያጠላዋል። ማንም ምንም ሳይነካ ክፈፉ በወቅቱ ይከፍታል፣ በወቅቱ ይዘጋል። በምሥራቅና በምዕራብ ባሉት ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች ላይ ግን ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ ክፈፍ አይመልሳትምና እዚያ መስኮት ማሳነስ ይሻላል።

ባዶ ቆርቆሮ ቀን ምጣድ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ለሰማይ አስረክቦ የቤቱን እስትንፋስ ወደ ጠብታ ይለውጣል። የድሮዎቹ በአቡጀዲ፣ ያልቻሉት በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ የሚሠሩት ይህን ለማገድ ነው። ዛሬ ቺፑድ አለ። ዋናው ነገር ግን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መተንፈሱ ነው፤ በሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች አናት ሥር ወንፊት የተገጠመላቸው ትንንሽ ክፍተቶች ከተተዉ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ የሞቀውን አየር በሌላው ያስወጣል። ለድሬዳዋ ወይም ለሰመራ ይህ ክፍተት ሰፊ መሆን አለበት፤ ለደብረ ብርሃን ግን ጠበብ ይበል፣ ከኮርኒሱ በላይም ወፍራም የሙቀት መከላከያ ይነጠፍ። ያው መከላከያ የክረምቱን ዝናብ ጩኸትም ያበርዳል። በቆጥ የሚተኛ ልጅ ካለ ይህ ወጪ የሚዘለል አይደለም።

ውኃውም ሀብት ነው። ከላይ ያለው ጣሪያ ከነክፈፉ ምድሩን የሚሸፍነው 88 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ ከሰዓት ዝናብ 1,700 ሊትር ያህል ያወርድበታል። ባለሁለት ተዳፋት ጣሪያ ሁለት ቀጥ ያሉ አሸንዳዎች ብቻ ስላሉት ይህን ወደ አንድ ሮቶ መምራት ቀላል ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የዚህን ዋጋ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስት ማዕዘኑ ላይ ያለው አደጋ

የባለሁለት ተዳፋት ቤት ደካማ ጎን ከውጭ ሲታይ ከሁሉ የሚያምረው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ነው። በብሎኬት ወይም በድንጋይ እስከ አናቱ ከተገነባ ከላይ የሚይዘው ነገር የለም፤ መሬት ስትናወጥ ቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መንቀጥቀጥ በማጀቴ ያደረሰው ጥፋት አለ፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ብሎኬቱ በክፈፉ ከፍታ ላይ ቆሞ በአራቱም ወገን በሚዞር የፌሮ ኮንክሪት መቀነት ይታሰር፤ ከዚያ በላይ ያለው ሦስት ማዕዘን በእንጨትና በቀላል ሰሌዳ ወይም በቆርቆሮ ይሸፈን። ወራጆቹ ከመቀነቱ ጋር በብረት ይታሰሩ። ሳሎኑ ኮርኒስ ሳይኖረው እስከ ጣሪያው ክፍት እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ሁለቱ ወራጆች ከታች የሚያያይዛቸው አግዳሚ ከሌለ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ስለዚህ ወይ አግዳሚው እየታየ ይቀራል፣ ወይ አናቱ ላይ ጠንካራ ተሸካሚ ይጋደማል። ክዳኑን በተመለከተ ትልቁ ጥፋት ትንሹ ሥራ ላይ ነው፤ የቆርቆሮው ሚስማር ጎማ ተደርጎለት ከሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታል። ጉድጓዱ ላይ የተመታ ሚስማር ውኃው በሚሄድበት መንገድ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው።

«ሶሌታ ባደርገውስ?»

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ለመኖሪያ ይፈቀድ የነበረው ቦታ እስከ 500 ካሬ ነበር። ዛሬ በከተማ 500 ካሬ ለብዙ ቤተሰብ ሕልም ነው፤ ያለው 100 ወይም 150 ካሬ ነው። ስለዚህ ሰው «ሶሌታ ልጣልበት፣ ነገ ፎቅ እጨምርበታለሁ» ይላል። ቦታው መሐል ከተማ ከሆነ፣ ፕላኑም ፎቅ የሚያዝ ከሆነ ልክ ነው፤ እዚያ ባለሁለት ተዳፋት ጎጆ መሥራት መሬቱን ማባከን ይሆናል።

ከዚያ ውጭ ባለው ቦታ ግን ሒሳቡ ይለያል። ነገ ለሚመጣው ፎቅ ሲባል ዛሬ መሠረቱም፣ ኮለኑም፣ ፌሮውም ይወፍራል። ያ ፎቅ በብዙ ቤት አይመጣም። የሚቀረው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የወጣ የዛገ ፌሮና ተዳፋት የሌለው፣ ውኃ የሚያቁር ሶሌታ ነው። በባለሁለት ተዳፋት ቤት ግን ሁለት የመስፋፊያ መንገድ ከመጀመሪያው አለ። አንዱ ወደ ላይ፣ ቆጡን ማጠናቀቅ ነው። ሌላው ወደ ጎን፣ ሦስት ማዕዘኑን ነቅሎ ያንኑ ወራጅ በመድገም ቤቱን በ3 ሜትር ማስረዘም ነው። የኋለኛው የሚሠራው ቦታው ላይ ቤቱ ሲቀመጥ በዚያ ጫፍ ባዶ መሬት ከተተወ፣ የውኃው መስመርም በሌላኛው ጫፍ ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ላይ ካልተወሰነ ኋላ አይስተካከልም።

ስለዚህ ካርታ ይዞ ወደ አርክቴክት የሚሄድ ቤተሰብ የክፍሎቹን ፕላን ከማየቱ በፊት ቤቱ በመሐሉ ቢሰነጠቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን ሥዕል ይጠይቅ፤ ስፋቱ፣ ተዳፋቱ፣ ክፈፉ፣ ቆጡና የፀሐዩ መግቢያ ሁሉ የሚታዩት እዚያ ላይ ነው። ክፍል ማከፋፈሉን ማንም ሊከራከርበትና ሊቀይረው ይችላል፤ የኪራይ ቤት ሰሌዳ ግድግዳ እንኳ በአንድ ቅዳሜ ይነቀላል። የጣሪያ ስሕተት ግን ቆርቆሮው እስኪያረጅ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል።